ክር ስንት ክረምት ይከርማል?

*ብዙ ዕድሜ ያለው የጊታር ክር የሚፈልጉ ሁሉ ሱቅ ይሄዳሉ። ቁስቋም ያሉ ጠጋኞችና በገና ደርዳሪዎች ግን መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ ይላሉ።*

ከሽሮ ሜዳ ገበያ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ነጠላና ጋቢ ከተሰቀለባቸው ሱቆች አለፍ ሲሉ ቁስቋም ይገኛል። በነሐሴ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሰፈር የደረሰ ሰው ጉሙ ከባሕር ዛፉ ደን ወርዶ የቁስቋም ማርያምን ቅጥር ሲጋርድ፣ ቅጠል የተሸከሙ እናቶችም ከጭጋጉ መሐል ብቅ ሲሉ ያያል። የጭቃ ቤቶቹ ግድግዳ በዚህ ወቅት እርጥበት ይጠጣል። የታጠበ ልብስ ቀናት ተሰጥቶም አይደርቅም። ብረት የሆነ ዕቃ ሁሉ ዝገት ይጀማምረዋል።

ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ያጋደመው ጊታር የአንድ የኳየር ወጣት ነው። ወጣቱ አጠገቡ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ክሩን የቀየርኩት እኮ ሰኔ ላይ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ይኸው ድምፁ ሞቶ ቁጭ አለ» እያለ ያማርራል። ጠጋኙ ወዲያው አልመለሰለትም። ጠቋሚ ጣቱን ከወፍራሙ ክር ሥር ሰደደና ከላይ እስከ ታች ስቦ አሳየው። ጣቱ ጠቁሯል።

«ይኼን ሱቁ አልሸጠልህም፤ ያንተው እጅ ነው» አለው። «ሌላው ደግሞ ማታ ማታ ጊታሩን የምታስደግፍበት ግድግዳ ነው።»

ብዙ የሚቆየው የጊታር ክር የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ጊታር ባለበት ቤት ሁሉ ይነሳል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ እንዲህ የሚባለውን ግዛ ይባላል፣ ይገዛል፣ እሱም ከሁለት ወር በኋላ ይጠቁራል። ሙያውን ይዘው የኖሩ ሰዎች ግን ነገሩን የሚያዩት በሌላ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ክሩ ለዚያ ጊታር ሣጥን የተሠራ መሆኑን ያያሉ። ቀጥሎ የሚጫወተውን እጅና መሣሪያው የሚያድርበትን ቤት ይጠይቃሉ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔም ነገሩን ባየሁት መጠን እውነቱ ከእነሱ ጋር ነው እላለሁ።

ክርን ምን ይገድለዋል?

የብረት ክር ባለው አኩስቲክ ጊታር ላይ ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ልሙጥ የብረት ሽቦ ናቸው። አራቱ ወፋፍራሞች ግን መሐላቸው ብረት ሆኖ ዙሪያቸው በሌላ ቀጭን ሽቦ እጅግ ተጠጋግቶ የተጠመጠመ ነው። ጥምጥሙ ክሩን ያከብደዋል፤ የከበደ ክር ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚንቀጠቀጥ ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ክሩ የሚሞተውም በአብዛኛው እዚሁ ጥምጥም ላይ ነው። በሽቦና በሽቦ መካከል ያለው ስንጥቅ የጣት ላብ፣ ቅባትና የሞተ ቆዳ ይሰበስባል። ቆሻሻው እየተጠቀጠቀ ሲሄድ ክሩ በአንድ ቦታ ከባድ፣ በሌላ ቦታ ቀላል ይሆናል፤ እንቅስቃሴውም ይታፈናል።

ቀድሞ የሚጠፋው ያ አዲስ ክር ላይ የሚሰማው ጥርት ያለ ከፍተኛ ድምፅ ነው። ቀጥሎ ቅኝቱ ይዛባል። ባዶውን ሲመቱት ልክ የነበረ ክር ወደ ታች ወርደው ሲይዙት ዘፈኑን ጥሎ ይሄዳል። ይህን ለማረጋገጥ ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ሙከራ አለ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች 12ኛው) ላይ ክሩን ሳይጫኑ በስሱ ነክቶ ማስጮህ፣ ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ተጭኖ መምታት ነው። ሁለቱ ድምፆች አንድ መሆን አለባቸው። በአዲስ ክር ገጥመው የነበሩ ድምፆች አሁን የሚለያዩ ከሆነ ክሩ ጊዜውን ጨርሷል። ሁለተኛው ምልክት በጣት የሚዳሰስ ነው። ክሩን ከሥሩ ሲዳስሱት ፍሬቱ የሚነካበት ቦታ ላይ የጎደጎደ ጥርስ ካለ፣ ያ ክር ከመበጠስ ሩቅ አይደለም።

ላብና ክረምት ሲገናኙ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ላብ ውስጥ ጨው አለ። ውኃው ተንኖ ሲሄድ ጨው ክሩ ላይ ይቀራል። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ያልተወለወለ ክር ጉም በወረደበት ሌሊት እርጥብ እንደሆነ ያድራል። ማንም ሳይጫወትበት፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ይዝጋል። እንደ ቁስቋም ባለ፣ ከመሐል አዲስ አበባ ከፍ ብሎ ከደን ሥር በተቀመጠ ሰፈር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለብረት ክር የፈተና ወቅት ነው።

ሰውም ከሰው ይለያል። የአንዱ ላብ አሲድነት ይበዛበትና ክሩ በሳምንት ይጠቁራል፤ የሌላው እጅ ደረቅ ሆኖ ያንኑ ክር ለወራት ይዞት ይቆያል። ለዚህ ነው «ለእኔ ስድስት ወር ቆይቶልኛል» የሚል የጓደኛ ምስክርነት ለሌላ ሰው ብዙም የማይጠቅመው።

> «ክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰብህ ክር አትቀይር፤ ያን ቦታ እይ።»

የሰፈሩ ሸማኔዎች ክር ለምን አንድ ቦታ ላይ እንደሚበጠስ ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልጋቸውም። ድር የሚበጠሰው በሚፋተግበት ነው ይላሉ። ጊታርም ላይ እንዲሁ ነው። ክሩ ሁልጊዜ ብሪጁ (ሣጥኑ ላይ ክሩ የሚታሰርበት እንጨት) አጠገብ የሚበጠስ ከሆነ ክሩ የሚያርፍበት አጥንት ወይም ፕላስቲክ ላይ የተሳለ ጠርዝ አለ ማለት ነው፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ሲደረግ ችግሩ ያበቃል። መቃኛው አካባቢ የሚበጠስ ከሆነ ደግሞ አንገቱ ጫፍ ያለው ክሩ የሚያልፍበት ቦይ ጠቦ ይሆናል። ጠጋኞች እዚያ ቦይ ውስጥ የእርሳስ ጫፍ ያሹበታል። የእርሳሱ ግራፋይት ያንሸራትታል፤ ክሩ ሲቃኝ ሳይያዝ ያልፋል። ርካሽ ጊታሮች ላይ በተደጋጋሚ ለሚበጠስ ክር ይህ ከማንኛውም ውድ ክር የተሻለ መድኃኒት ነው።

መጀመሪያ ሣጥኑን እወቅ

በአዲስ አበባ ያለው ጊታር አመጣጡ ብዙ ነው። አንዱ ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ ሻንጣ የገባ ነው፤ ሌላው ከመርካቶ የተገዛ፣ ሌላው ከወንድም ለወንድም ሲወርድ የኖረ። ብዙዎቹ ባለቤቶች መሣሪያቸው የናይለን ክር የሚይዘው ክላሲካል ጊታር ይሁን ወይስ የብረት ክር የሚይዘው ለይተው አያውቁም። ይህ አለማወቅ ከዝገት የበለጠ ጊታር ያበላሻል።

የብረት ክር ስድስቱ በአንድነት ሣጥኑን የሚስቡት 70 ኪሎ ግራም በሚያልፍ ኃይል ነው። የናይለን ክር ግን በ40 ኪሎ ግራም ገደማ ይወሰናል። ለናይለን የተሠራ ቀጭን ሣጥን ላይ የብረት ክር መወጠር ማለት ያልተሠራለትን ሸክም ሌትና ቀን ማሸከም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ከወራት በኋላ ግን ሆዱ ይነፋል፣ ብሪጁ ከሙጫው ይላቀቃል፣ አንገቱ ይጎብጣል። የቁስቋሙ ጠጋኝ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ጊታሮች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት የመጡ ናቸው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ብሪጁ ላይ ክሩ በጎን በኩል በቀዳዳ አልፎ የሚታሰር ከሆነ፣ አንገቱም ሰፊ ከሆነና የራሱ መሐል በሁለት ረድፍ ተቦርቡሮ መቃኛዎቹ ወፍራም ነጭ ዘንግ ካላቸው፣ ያ የናይለን ነው። ክሩ ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ቀለበት ካለውና ብሪጁ ውስጥ ገብቶ በፒን የሚደፈን ከሆነ የብረት ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁን የሚይዘው በማግኔት ስለሆነ ናይለን አይሠራለትም።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ይጠባል። ለብረት ክር አኩስቲክ ጊታር ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ጥምጥሞች ናቸው። አንደኛው 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ዚንክ የሆነው ነው፤ አዲስ ሲሆን ድምፁ ያበራል፣ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ሁለተኛው ፎስፈር ብሮንዝ የሚባለው፣ መዳብና ቲን ከጥቂት ፎስፈረስ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራው ነው። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ ዝገትንም ከመጀመሪያው ይልቅ ይቋቋማል። ለእንጦጦ ግርጌ ክረምት ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለጀማሪ ደግሞ ቀጠን ያለው ስብስብ ይሻላል፤ ጣቱን አያቆስለውም፣ ሣጥኑንም አያስጨንቅም።

የናይለን ክር ላይ ሦስቱ ቀጫጭኖች ልሙጥ ናይለን ስለሆኑ አይዝጉም፤ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ቀድመው የሚያልቁት ሦስቱ ወፋፍራሞች ናቸው፤ እነሱ መሐላቸው የናይለን ጭረት ሆኖ ብር በተቀባ መዳብ የተጠመጠሙ ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ወፋፍራሞቹን ሁለት ጊዜ ቀይሮ ቀጫጭኖቹን አንድ ጊዜ መቀየር እንደሚቻል ነው። አዲስ ናይለን ለጥቂት ቀናት እየተሳበ ቅኝቱን ስለሚለቅ «ክሩ ብልሹ ነው» ብሎ መጣል ችኮላ ነው። ሲሳብ ቆይቶ ይረጋል።

በቴፍሎን የተሸፈነው ክር

ሱቆች ውስጥ ከሌላው በእጥፍና ከዚያም በላይ የሚሸጠው ክር ሽፋን ያለው ነው። ታሪኩ ለማወቅ የሚያጓጓ ነው። ጎር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ዝናብ የማያስገባውን የጎርቴክስ ጨርቅ የሚሠራው፣ ለብስክሌት ፍሬንና ማርሽ የሚሆን የተሸፈነ ካቦ ይሠራ ነበር። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ይኼ ሽፋን ለጊታር ክርስ ለምን አይሆንም ብሎ አሰበ። ኤሊክሰር የተባለው ክር በ1997 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ። ሌሎች አምራቾችም የየራሳቸውን ሽፋን ይዘው ተከተሉ።

ሽፋኑ ከቴፍሎን ቤተሰብ የሆነ እጅግ ስስ ነገር ነው። ጥምጥሙን ይጋርደዋል፤ ላብና ቆሻሻ ስንጥቁ ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል። ይሠራል ወይ ለሚለው መልሱ አዎን፣ ይሠራል ነው። እጁ የሚያልበው ሰው፣ በየሳምንቱ ለሰዓታት የሚጫወት የኳየር ወይም የባንድ ጊታሪስት ልዩነቱን በግልጽ ያየዋል። ሆኖም አንዳንድ ተጫዋቾች ድምፁ ትንሽ የታፈነ፣ ክሩም የሚያንሸራትት ነው ይላሉ። ሽፋኑም ፒክ አዘውትሮ በሚመታው ቦታ ላይ እየተቦጨቀ ጭረት ያወጣል። በሳምንት አንድ ቀን ጊታሩን ለሚያነሳ ሰው፣ ተራ ክር ገዝቶ መወልወልን መልመድ ይበጀዋል። ያልተወለወለ ውድ ክር ከተወለወለ ርካሽ ክር ቀድሞ ሲያረጅ ጠጋኞች በየወሩ ያያሉ።

ክር እንዲህ በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን የነበሩ የባንድ ተጫዋቾች ዘዴያቸው ሌላ ነበር። ክሩን ፈትተው፣ ጠቅልለው፣ በድስት ይቀቅሉት ነበር ይላሉ። ይህ ተረት አይደለም፤ የዓለም ባስ ጊታር ተጫዋቾችም ይህን ያውቁታል። የፈላ ውኃ በጥምጥሙ መካከል ያለውን ቅባትና ቆሻሻ ያወጣል፣ የጠፋው ድምፅም ለጥቂት ቀናት ይመለሳል። የዛገውን ግን አያድንም፤ የጎደጎደውንም አይሞላም። ፈትቶ መልሶ መወጠሩ ራሱ ክሩን ያደክመዋል። ወፍራም የባስ ክር ይህን ይችላል፤ ቀጭኑ ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ መልሰው ሲወጥሩት ይበጠሳል።

ከናይለን በፊት አንጀት ነበረ

የክላሲካል ጊታር ክር ከመቶ ዓመት በፊት በአብዛኛው የበግ አንጀት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለሐኪሞች የቁስል መስፊያ ክር ስለተፈለገ ለሙዚቃ የሚተርፈው ጠፋ። ስፔናዊው የጊታር ሊቅ አንድሬስ ሴጎቪያ በኒውዮርክ ክር አጥቶ ሲቸገር፣ በትውልዱ ዴንማርካዊ የሆነው መሣሪያ ሠሪ አልበርት ኦገስቲን የዱፖንት ኩባንያ የፈጠረውን ናይለን ለጊታር አበጀው። በ1940ዎቹ ነው ይህ የሆነው። ከዚያ ወዲህ የክላሲካል ጊታር አንጀት ክር ከገበያ ወጣ ማለት ይቻላል።

ከቁስቋም ከፍ ብሎ ባለው ተራራ ላይ ግን አንጀት አልተረሳም፤ የበገና ባህላዊ አውታር የሚሠራው ከእሱ ነው።

በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ በ1950 እ.ኤ.አ. የተወለደው በእንጦጦ ነው። የበገና መምህሩ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነበሩ። ትምህርቱን የጀመረው የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። የበገናው ድምፅ በዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ገብቷል፤ ኋላም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 11ኛው ቁጥር ሙሉ በሙሉ የእሱ ሆኗል። ዓለም ስለ በገና ካወቀው ብዙው የወጣው ከዚህ ጉብታ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በገና 10 አውታር አለው። በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ውስጥ አይገባም፤ በዐቢይ ጾም፣ በቤትና በጉባኤ የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው። ብዙ ደርዳሪዎች ከ10ሩ የሚያሰሙት አምስቱን ወይም ስድስቱን ሲሆን፣ የቀሩት የጣት ማረፊያ ይሆናሉ። ያ ንብ የመሰለ ንዝረቱ የሚመጣው እንዝራ ከሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። እንዝራው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ይገባል፤ አውታሩ ሲንቀጠቀጥ ብርኩማውን እየነካ ይነዝራል። ስለዚህ በገና ላይ ክር መንከባከብ ሲባል እንዝራንም ማስተካከል ማለት ነው። በጥቂቱ ከተንቀሳቀሰ ንዝረቱ ይጠፋል።

አውታሩ እንዲህ ይሠራል። የታረደው በግ አንጀት ገና ትኩስ ሳለ ውስጡ ተጠርጎ ደጋግሞ ይታጠባል። ስቡና ሥጋው በጥንቃቄ ይፋቃል፤ ከመጠን በላይ የፋቀ ይበጥሰዋል፣ ያሳነሰ ደግሞ ይሸትበታል፣ ትልም ይጠራበታል። የቀረው ነጭ ሽፋን እርጥብ እንዳለ ይገመዳል። ከዚያ በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ በጥላ ይደርቃል። ግምዱ የክሩ ነፍስ ነው። በደንብ ያልተገመደ አንጀት እንደ ጠፍር ደረቅ ይሆንና ድምፁ ይታፈናል፤ በደንብ የተገመደው ወፍራም ሆኖም ይታዘዛል።

> የፋቀ እጅ፣ የገመደ እጅና የደረደረ እጅ ቀድሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ነበር።

አንጀት አውታር ከብረት የተለየ ጠባይ አለው። አይዝግም፤ እርጥበት ግን ይጠጣል። በክረምት ያብጣል፣ ቅኝቱ ይዋልላል። በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በገና የሚያስተምሩ ሰዎች በደረቁ ወራት ጨርቅ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው አውታሩን ያሹታል። ከአውታሩ ላይ ጸጉር የመሰለ ጭረት ብቅ ሲል መሳብ ክልክል ነው፤ የሳቡት እንደሆነ እስከ መጨረሻው ይፈታል። በጥፍር መቁረጫ ከሥሩ ይቆረጣል። አይጥም አትረሳ። አንጀት ለአይጥ ምግብ ነውና ጓዳ ውስጥ የተረሳ በገና አንድ ቀን ያለ አውታር ይገኛል።

አሁን አሁን ናይለን የተወጠረባቸው በገናዎች በብዛት ይታያሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ናይለን ይገኛል፣ አይሸትም፣ ጉምና ፀሐይ እንደ አንጀት አያናውጠውም፤ ለጀማሪ ተማሪም ይቀላል። በአንጀት የተማሩ ደርዳሪዎች ግን ልዩነቱን ሲነግሩህ ድምፃቸው ይለወጣል። ናይለን ለስላሳ ስለሆነ ከእንዝራው ጋር እንደ አንጀት አይናከስም፤ ንዝረቱ ይሳሳል ይላሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰማ ሰው የሚከራከራቸው አይመስለኝም።

ክራርና ማሲንቆ

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። በቀድሞው ጊዜ አንጀት ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ናይለን ነው፣ አንዳንዱም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዝቶ ይወጥርበታል። ኤሌክትሪክ የተገጠመለት ክራር ላይ ብረት ይወጠራል። የሜሪ አርምዴን፣ የአስናቀች ወርቁንና የካሳ ተሰማን ክራር የሰማ ሰው እንደሚያውቀው፣ የክራር ውበት ቅኝቱን መለዋወጡ ላይ ነው። ጊታር ላይ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ ጣት ይበቃል። ክራር ላይ ግን ክሩ ራሱ መላላት ወይም መጥበቅ አለበት፤ ወደ አምባሰልና አንቺሆዬም እንዲሁ። በአንድ ምሽት ደጋግሞ የሚጠብቅና የሚላላ ክር መቃኛው ላይ እየታጠፈ ይደክማል። ስለዚህ ብዙ የሚሠሩ ክራር ተጫዋቾች ለየቅኝቱ የተዘጋጀ ሁለት ሦስት ክራር ይይዛሉ። ለክር ዕድሜም፣ ለተመልካች ትዕግሥትም ይህ ይሻላል።

የማሲንቆ አውታር የፈረስ ጭራ ነው፤ ብዙ ጸጉር በአንድ ላይ ሆኖ። አንድ ጸጉር ቢበጠስ መሣሪያው ዝም አይልም፤ ሌሎቹ ይሸከሙታል። ደጋኑም ጭራ ስለሆነ ዕጣን ካልተቀባ አይጮህም። የእጅ ቅባት የነካው ጭራ ግን ዕጣኑን አይዝም። የደጋኑን ጭራ መሐሉን በእጅ አለመንካት ነው መላው።

ክረምቱን መሻገር

ወደ ጊታሩ ልመለስና ጠጋኙ ለወጣቱ ያዘዘለትን ልንገራችሁ። ከመጫወት በፊት እጅ መታጠብና በደንብ ማድረቅ። ከተጫወቱ በኋላ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ከክሩ ሥር አስገብቶ፣ ላይና ታቹን ይዞ፣ እያንዳንዱን ክር ለየብቻ መጥረግ። እዚህ ሰፈር ጨርቅ ችግር አይደለም፤ ሽሮ ሜዳ የሸማኔ አገር ነው፣ ከነጠላ ጫፍ የተረፈ ቁራጭ ለዚህ ሥራ የሚወዳደረው የለም። ጥረጋው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ላቡ ሳይደርቅ መደረግ አለበት፤ ነገ የሚጠረግ ክር ሌሊቱን ሙሉ ጨው ለብሶ አድሯል።

ክሩ ላይ የምግብ ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም ናፍጣ መቀባት የሚመክሩ አሉ። ብረቱን ለጥቂት ቀን ያብለጨልጩታል፤ ከዚያ አቧራ ይሰበስባሉ፣ ድምፁን ያፍናሉ፣ እንጨቱንም ያበላሻሉ። አያስፈልግም።

ጊታሩ ከውጭ ግድግዳ፣ በተለይ ከጭቃ ግድግዳ፣ መራቅ አለበት። ከምድጃና ከከሰል ጢስም እንዲሁ፤ ጀበና አጠገብ የተንጠለጠለ ጊታር እንፋሎቱን ይጠጣል። ቦርሳ ያለው በቦርሳው ውስጥ ያስቀምጠው፤ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት እዚያ ውስጥ ማኖር በክረምት ወራት ይጠቅማል። ጥቅምት ሲገባ ግን ከረጢቱ ይውጣ፤ የበጋው አየር ራሱ ደረቅ ነው፣ ከዚያ በላይ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል።

ሌሊት ሌሊት ክሩን ማላላት የሚባለው ልማድ ስህተት ነው። ጊታር የተሠራው ውጥረቱን እንዲሸከም ነው፤ በየቀኑ የሚላላና የሚጠብቅ ክር ግን መቃኛው ላይ ይደክማል፣ ቅኝቱም አይረጋም። በአውሮፕላን ወይም በረጅም መንገድ ሲጓዝ ጥቂት ማላላት ተገቢ ነው፤ ለወራት ሳይነካ ለሚቀመጥም እንዲሁ።

የብረት ክር ሲቀየር ስድስቱን በአንድ ላይ መቀየር ይሻላል። አንድ አዲስ ክር ከአምስት አሮጌዎች ጋር ሲጮህ ሌሎቹን ያሳጣቸዋል። መቃኛው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከተጠመጠመ ዙሩ እየተንሸራተተ ቅኝት ያስለቅቃል። የሚቀየርበት ጊዜም ይመረጥ። ሰኔ ላይ የተገዛ አዲስ ክር ዕድሜውን ለዝናብ ይገብራል። አሮጌው ክረምቱን ይሸከም፤ አዲሱ መስከረም ጠብቶ፣ ጉሙ ከቁስቋም ሲነሳ፣ በጽጌ ወራት ይወጠር።

አንድ ነገር ግን በጊታር ባለቤቶች ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በገና የሚማረው ወጣት ቁጥር እየበዛ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚማረው ግን ድርደራውን ነው። አንጀት ፍቆ፣ ገምዶ፣ ወጥሮ ማድረቅ የሚችለው ሰው ተማሪ አያገኝም። መደርደር የሚያውቅ፣ አውታር መሥራት የማያውቅ ትውልድ ናይለን ከሚያስመጣ ነጋዴ እጅ አይወጣም። ስለዚህ በገና የምታስተምሩ ሁሉ፣ ከሚመጣው ፋሲካ በግ የአንዱን አንጀት አትጣሉት። ይህን ሙያ የሚያውቅ አንድ አባት ጋብዙና ተማሪዎቻችሁ ፊት ይፋቅ፣ ይገመድ፣ ይወጠር። በሚቀጥለው ሁዳዴ ልጆቹ እጃቸው በሠራው አውታር ይደርድሩ።